ማሽኑን እኔ ላስነሳው

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። የተገነጠለ መጽሐፍ ስጡኝ፤ ቅጠሎቹን አስተካክዬ፣ በመርፌና በክር ሰፍቼ፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብቼ እመልስላችኋለሁ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በሥራዬ እንከን ያወጣብኝ የለም። በጠባዬ ግን ያልተባልኩት የለም፦ ሰው ፊት አታይም፣ ኩራተኛ ናት። ወሬ ነው! የሰው ዓይን እያየሁ የሚለኝን መስማት አይሆንልኝም፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ካላችሁኝ መስማቱን እመርጣለሁ። ሐኪም «ኦቲዝም» ያለኝ በሠላሳ ዓመቴ ነው። እናቴ ግን ስሙን ሳታውቅ እኔን ታውቀኝ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ «ተዉአት፣ ልጄ ሲሻት ትመጣለች» ብላ ትገላግለኛለች።

ጣጣው የመጣው ክፍላችን ተዘግቶ ከወረቀት መቁረጫው ማሽን ጋር አንድ አዳራሽ ስንገባ ነው። ማሽኑ ድንገት ሲነሳ ድምፁ ጆሮዬ ላይ አይቆምም፤ ጥርሴ ውስጥ፣ ጣቴ ውስጥ ይገባል፣ የያዝኩት መርፌ ይጠፋብኛል። ሌላው ሰምቶ ይረሳዋል። እኔ ግን ከቆመም በኋላ «አሁን ይነሳ ይሆን?» እያልኩ ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ ጥዬ እወጣለሁ። በአንድ ሳምንት ዘጠኝ ጊዜ ወጣሁ።

አለቃችን ጠራኝ። «እህቴ፣ ሥራሽን እወደዋለሁ። ግን እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ በቦታሽ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው።»

ቤት ገብቼ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚሆነውን አንድም ሳላስቀር ሁለት ገጽ ጻፍኩ። በማግስቱ ለአለቃው ሰጠሁት፤ እሱም ለሁሉም አነበበው።

ይሄኔ ደግሞ ደግነታቸው ጉድ አፈላ። ማሽኑን አጥፍተው ወረቀቱን በመቀስ ይቆርጡ ጀመር! በእግር ጣታቸው ይራመዳሉ፣ በሹክሹክታ ያወራሉ፣ ሳል የያዘው ውጭ ወጥቶ ይስላል። ሥራው ተቆለለ። አዳራሹ የአስታማሚ ቤት መሰለ፣ በሽተኛዋ እኔ። በጣም ተናደድኩ። እንዲገባቸው ነው እንጂ እንዲያዝኑልኝ አልጻፍኩም።

ሐሙስ ቤት ስገባ እናቴ ጭማቂ መፍጫውን አስነሳች፤ እንደ ልማዴ ወደ ደጅ ሮጥኩ። በር ላይ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይህንኑ መፍጫ ራሴ ሳስነሳው ሸሽቼው አላውቅም። ተመልሼ ቁልፉን ተጫንኩ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ተጫንኩ። እናቴ «ምን ነካሽ?» ብላ ሳቀች።

ዓርብ ጠዋት ቀጥ ብዬ ማሽኑ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣» አልኩት ማሽኑን የሚሠራበትን ወረቀት ቆራጭ፣ «እኔ ላስነሳው።»

አለቃው ደነገጠ። «ስትሸሺው የከረምሽውን?»

«የሸሸሁት ድንገቱን ነው። መቼ እንደሚነሳ እኔ ካወቅኩ እችለዋለሁ።»

ቆራጩ ሁለቱን ቁልፎች በሁለት እጅ እንዴት እንደሚጫኑ አሳየኝና ዞር አለልኝ። ተጫንኩ። ጥርሴ ተንቀጠቀጠ፤ እግሬ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። አንዱን ቁልል ቆረጥኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አለቃው በማሽኑ ጩኸት ላይ ጮኸ፦ «ሰኞም ትመጫለሽ ማለት ነው?»

«ሥራ ካላስፈታችሁኝ!» አልኩና አራተኛውን አስገባሁ።