ከውኃ የወጣችው የዋንዛ ጀልባ

ጌዶ ገበያ ላይ ነፋስ ባዶ ማዳበሪያ ሲነፋ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ድንገት ይወጠራል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ወንጪ ሐይቅ ላይ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የግማሽ ዓመቱን እረፍት ያሳለፍኩት ወንጪ፣ አጎቴ ቤት ነበር። ጎረቤቱ አዛውንት ጀልባ ቀዛፊ ናቸው። ጀልባቸውን አባታቸው ከአንድ የዋንዛ ግንድ ፈልፍለው ነው የሠሯት፤ ውስጧ እርጥብ እንጨትና የሐይቅ ሣር ይሸታል። እንግዶች ግን አዲሶቹን የሳንቃ ጀልባዎች ስለሚመርጡ ልጃቸው "ፈልጠን እናንድዳት" ማለት ጀምሯል።

እኔ ደግሞ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ስለ ጥንት ባለሸራ መርከቦች አንብቤ ነበር፤ በነፋስ ብቻ እንዴት ይፈጥኑ እንደነበር፣ አንዷም ዛሬ በደረቅ መሬት ላይ ቆማ እንደምትጎበኝ። የእኛዋስ ለምን ሸራ አይኖራትም? አራት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት በወስፌ ሰፍቼ፣ እንደ ሸራ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ አሰርን። ነፋሱ ከኋላችን ነበር። በመቅዘፊያ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ከሐይቁ መካከል ካለችው ደሴት እስከ ዳር ያለው መንገድ፣ በስልኬ ስለካው በአሥራ ስምንት ደቂቃ አለቀ። አዛውንቱ መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ "ሥራ አስፈታሽኝ እኮ" አሉ። ልጃቸውም መጥረቢያውን ለጊዜው ረሳው።

እንግዲህ እንደዚያች መርከብ በደረቅ መሬት ላይ ተጠብቃ ትቆይ አልኩ። እርጥበት እንጨት እንደሚያበሰብስ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው።

"ባርሲፍቱ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህርት ማለታቸው ነው። "ይህ እኮ ውኃ የለመደ እንጨት ነው።"

መጽሐፉን ጠቀስኩ፤ አመኑኝ። በገመድ ጎትተን ፀሐይ ላይ፣ በድንጋይ ደግፈን አስቀመጥናት።

ለፋሲካ ስመለስ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ተሰንጥቃ ነበር። ጣቶቼ ስንጥቁ ውስጥ ገቡ። ውኃ ጠግቦ የኖረ እንጨት በአንዴ ሲደርቅ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ እንደሚኮማተር ዛሬ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳያለሁ። ያኔ አላውቅም ነበር።

አዛውንቱ አልተቆጡኝም። ስንጥቁ መልሶ እንዲገጥም እርጥብ ሣር አልብሰው ጠዋት ማታ ውኃ ያፈሱባት ነበር፤ ልጃቸው "ትበቅል እንደሆን" እያለ ያሾፍባቸዋል።

"መጽሐፉ ላይ ያለችውስ አልተሰነጠቀችም?" አሉኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ የምር ማወቅ ፈልገው ነው።

"አላውቅም፣ አባባ።"

ጀሪካኑን ከእጃቸው ተቀብዬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሞልቼ ስመለስ ሣሩን ገልጠው፣ ስንጥቁ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር።