ከውሃው ጋር ያልሄደ

የሰፈሩ ሰው ሬሳ አጣቢዋን ይወዳታል፤ ጤናውን ስትጠይቀው ግን አይወድም። መንገድ ላይ አግኝታው፣ "እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ?" ስትለው አንዳንዱ ሳቅ ብሎ፣ "ደህና ነኝ እትዬ፣ ምነው ቸኮልሽብኝ?" ይላታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ስታስነጥስ "ይማርሽ" የሚላት ስለሌለ፣ እንዲህ ያለው ቀልድ እንኳ ይናፍቃታል።

ሥራውን ያስተማረቻት አክስቷ ነበረች። አክስትየዋ ጉልበቷ ሲከዳት ማንቆርቆሪያዋን አስረከበቻት፤ እጇንም ቅዱስ መጽሐፉ ላይ አስጭና አስማለቻት።

"ያየሽው ሁሉ ከውሃው ጋር ይሂድ።"

እትዬም መሐላዋን ጠበቀች። ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን ከባላቸው የደበቁትን ጠባሳ፣ ለእናታቸው ያልነገሩትን እርግዝና አይታለች። አንዱም ከአፏ አልወጣም። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ የሟቾችን ነጭ ልብስ ስለምትሰፋ፣ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚጠሩት።

"አንቺዬ፣ ካየሽው እስቲ ትንሽ አቅምሺኝ፤ ሆዴ ሊፈነዳ ነው" ትላታለች ልብስ ሰፊዋ።

"ሲፈነዳ እኔው አጥብሻለሁ።"

"አንቺ ከቀደምሽስ?"

"ያን ጊዜ አንቺ ታጥቢኛለሽ።"

"እሺ፤ ግን ከሰል ተወዷል፣ በቀዝቃዛ ነው የማጥብሽ።"

አዲሱ ሰባኪ ከመጣ በኋላ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ስለ ነውር ሆነ። ወጣቶቹ ከጸሎት ሲወጡ መንገድ ዳር እየቆሙ የሴቶችን ቀሚስ በዓይናቸው ይለኩ ጀመር። ከሁሉም የባሰው ከአባቱ ጋር ሊጥ የሚያቦካው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነበር። ይህ ልጅ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሳቂታ እህት አለችው። ከሌላ እምነት ሰው ጋር ልትጋባ ነው ተብሎ ሲወራ፣ ሰባኪው የማንንም ስም ሳይጠራ፣ "ቤቱ እሳት የገባበት ሰው እንዴት ይተኛል?" ብሎ አስተማረ። ስም መጥራት አላስፈለገውም፤ ሁሉም ዞሮ ጋጋሪውንና ልጁን አያቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ልጁ በማለዳ የእትዬን በር መታ።

"እትዬ፣ ድረሽልን። እህቴ ከደረጃ ወድቃ ሞተች።"

ክንዱ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ውይ ልጄን! አንተስ ምን ሆነህ ነው?"

"ምድጃው ነው" አለና እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

እትዬ ሟቿ ወደተኛችበት ክፍል ብቻዋን ገብታ እንደ ልማዷ በሩን ዘጋች። የልጅቷን የአንገት ሻርፕ ስትፈታ፣ ግራና ቀኝ የጣት ምልክት ጠቁሮ አየች። እጇ ግን ሥራውን አላቆመም። ጥፍሮቿን በስንጥር ስታጸዳ የደረቀ ሊጥ ወጣ፤ ደም የነካው ሊጥ። ይህች ልጅ ሊጥ አትነካም። "መድኃኒት መድኃኒት የሚል ዳቦ ማን ይገዛል?" እያለች ከአባቷ ቡኮ ትሸሽ ነበር። እትዬ ይህን እያሰበች እጇ ግን ለዓመታት ያደረገውን አደረገ፤ ውሃውን አፈሰሰ። ምን እንዳጠበች የገባት ሊጡን የወለሉ ቀዳዳ ከዋጠው በኋላ ነው።

ልጅቷ በዚያው ቀን ተቀበረች።

እጮኛዋ ግን ለፖሊስ አመለከተ። መቃብሩ ተከፈተና፣ ታንቃ እንደሞተች ሐኪም አረጋገጠ። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ወሬውን ለውጦ፣ "ሌባ ገብቶ ነው፤ ለስሟ ብለን ደበቅነው" አለ። መርማሪው የእትዬን ቤት አፈላልጎ መጣ።

"እማማ፣ ያጠቧት እርስዎ ነዎት። ምን አዩ?"

"መሐላ አለብኝ ልጄ።"

"ቤተሰቡ መሐላዎን አውቆ ነው የጠራዎት" አላት። "ወንድሟ ቢያመልጥ ነገ ተረኛዋ ታናሽ እህታቸው ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።"

በማግስቱ ደግሞ ሰባኪው መጣ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

"እናቴ፣ የሟች ገመና የፈጣሪ ነው። የሰው ሸንጎ ምን አግብቶት? እርስዎ አፍዎን ከከፈቱ ከእንግዲህ ሬሳችንን የሚነኩ አይደሉም። የእርስዎም ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ማን ይነካዎታል?"

ሲወጣ ጫማውን እንኳ አቀናችለት። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደች።

"ዝም በይ አንቺዬ" አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። "የሞተችው አትነሳ። እኔም ለነሱው ሰፍቼ ነው የምበላው።"

እትዬ ለሰባኪው የሚሆነውን መልስ ያገኘችው ቤቷ ገብታ ብቻዋን ስትቀመጥ ነው፤ የሚሰማት ሰው ግን አልነበረም።

ፍርድ ቤት እጇን ቅዱስ መጽሐፍ ላይ አስጫኗት። መጽሐፉ አክስቷ ያስማለችበት ዓይነት ነበር። ያየችውን ሁሉ ተናገረች፤ አንገቱን፣ ሊጡን፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ክንድ። የልጁ ጠበቃ ተነሳ።

"እንግዲህ የፊተኛውን መሐላ አፍርሰዋል። የአሁኑን እንዴት እንመን?"

"የማልኩት የሟችን ገመና ልሸፍን ነው" አለች። "የሷ ቢሆን ይዤው እሞት ነበር። ይሄ የሷ አይደለም።"

ልጁ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሞ እጅጌውን ወደ ታች ሳብ አደረገ። ዳኛው ክንዱን እንዲያሳይ አዘዙ። የጥፍር ጠባሳ ነበር፤ የምድጃ አልነበረም። ተፈረደበት። ሰባኪው በሚቀጥለው ጸሎት ለታሳሪው እንዲጸለይ አዘዘ፤ ለሟቿ ያለው ነገር የለም።

ከዚያ ወዲያ እትዬን የሚጠራት ጠፋ። ሰው ሲሞት ከሌላ ሰፈር አጣቢ ያስመጣሉ። ልብስ ሰፊዋ አጥሯ ላይ ቆርቆሮ ጨመረች፤ የመኪናዋ ድምፅ ብቻ ይሰማል። መንገድ ላይ፣ "ደህና ናችሁ ወይ?" ስትል የሚቀልድባትም የለም፤ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋታል። ጋጋሪው ከቤቷ ጀርባ ነውና ጠዋት ጠዋት የዳቦው ሽታ በመስኮቷ ይገባል። እሷ ግን ዳቦ ልትገዛ ማንም የማያውቃት ሰፈር ድረስ ትሄዳለች። ማንቆርቆሪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጋጋሪው ሚስት፣ የልጅቷ እናት፣ ሳታንኳኳ ገባች። ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም።

"አንዷ አፈር ገባች፤ አንዱን አንቺ አሳሰርሽብኝ" አለች። "እንድታውቂው ነው የመጣሁት። ቀንሽ ሲደርስ እኔ ደጅሽን አልረግጥም።"

"አውቃለሁ።"

"ማንም አይመጣም።"

"አውቃለሁ፣ እናቴ።"

ሴትየዋ ወደ በሩ ዞረች። መቃኑን ይዛ ቆመች፤ ፊቷን አልመለሰችም።

"ውሃው… ሞቆ ነበር?"

"ሞቆ ነበር። ለሕፃን እንደሚለካ በክርኔ ለክቼዋለሁ።"

"ፀጉሯንስ?"

"አበጥሬ ለሁለት ጎንጉኜዋለሁ።"

"ለሁለት ነው የምትወደው" አለች እናቲቱ። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ሄደች።

እትዬ በሩን አልዘጋችም። ከሰል አያያዘች፤ ማንቆርቆሪያውን ከግድግዳው አውርዳ አቧራውን ጠርጋ ሞላችው። ውሃው ሲሞቅ በክርኗ ለካችው። ከዚያ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና፣ ለሌላ ሰው እንደምታፈስ አድርጋ፣ ቀስ እያለች፣ በገዛ እግሯ ላይ አፈሰሰችው።