የሞተ ተባይ ሲያሳክክ

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ጀርባዬን ከበሩ መቃን ጋር እየፈተግሁ ሳለ ስልኬ ጠራ... ልጄ አስቴር ናት።

«አባባ፣ ዛሬም አትመጣም?»

«ጉልበቴን አሞኛል።»

«ባለፈው ወገብህ ነበር።»

ምን ልበላት? አስቴር ከባሏ ከማርቆስ ጋር ዳቬይተን በሚባል ሰፈር፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ይዛ የምትኖር አንድዬ ልጄ ናት። ከወለደች ወር አልፏታል፤ እኔ ግን የልጅ ልጄን በስልክ ብቻ ነው ያየኋት።

«ሴት ስለሆነች ነው፣ አይደል?» አለችና ዘጋችው።

እውነቱ ሌላ ነው... እከክ ይዞኛል። ከመንገድ ዳር የገዛሁት አሮጌ ብርድ ልብስ ነው ያወረሰኝ። እኔ ደግሞ በሰው አገር፣ እዚህ ትሮይቪል የሚሉት ሰፈር በልብስ ስፌት የማድር ሰው ነኝ። እከክ ያዘው ከተባለ ማን ሱሪውን ይሰጠኛል? ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ክሊኒክ ሄጄ ነበር፤ ቅባት ሰጡኝ። ከአንገትህ እስከ እግር ጥፍርህ ተቀባ፣ አሳድረህ ታጠብ፣ በሳምንቱ አንዴ ድገመው፣ በቃ አሉኝ። እንደተባልኩት አደረግሁ። ልብሱንም ብርድ ልብሱንም ቀቀልኩ። ጀርባዬ ላይ ግን እጄ አይደርስም... ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ጀርባዬን የሚያይልኝ ሰው የለም። ማማሰያ ላይ ጨርቅ አስሬ ቀባሁት።

ማሳከኩ ግን አልተወኝም። ብቀመጥ አያስቀምጠኝ፣ ብተኛ አያስተኛኝ። መርፌ ላይ ክር ሳስገባ እንኳ እጄ ወደ ብብቴ ይሮጣል። ቅባቱ ሰንፏል አልኩና ከፋርማሲ ሌላ ገዝቼ በየማለዳው እለቀለቀው ጀመር። ቆዳዬ በርበሬ መሰለ። ይህን ተሸክሜ አራስ ቤት ልግባ?

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በሬ ተንኳኳ። አስቴር ልጅቷን ታቅፋ፣ ማርቆስ ከኋላዋ ቆሟል። እንጨቱን በር ከፈትኩ፤ የብረቱን ግን አልከፈትኩም።

«አትመጣም ስትል እኛ መጣን። ክፈት እንጂ።»

«አልከፍትም። ተመለሱ።»

«ልጄን ከደጅህ ልትመልሳት ነው?»

ድምጿ ተሰበረ። ጎረቤቶቹ፣ ሁሉም የሚያውቁኝ የአገር ልጆች፣ በራቸውን ገርበብ አድርገው ያያሉ። ልብሳቸውን የምሰፋው እኔ ነኝ... ልጄን ከማጣ ስሜን ልጣ አልኩ።

«እከክ ይዞኛል።»

ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። ማርቆስን ሳቁ አመለጠው።

«ይኸው ነው እንዴ አባባ? እኔ ዛንድስፕሩት ሰፈር ተቀጥሬ ሱቁ ውስጥ ሳድር ስንቴ ይዞኛል። በሉ ጫማዎን ያድርጉ፣ ክሊኒክ እንሂድ።»

ክሊኒኩ ውስጥ ሲስተር የሚሏት ነርስ ጀርባዬን በማጉያ መነጽር ፈተሸችኝ። ከጣቶቼ መሃል ፋቅ አድርጋም አየች። ስንት ጊዜ እንደተቀባሁ ጠየቀችኝ። በየቀኑ ስላት ራሷን ያዘች።

«ምኩሉ፣ ተባዩ ከሞተ ቆይቷል» አለችኝ። ምኩሉ በዙሉ አያቴ ማለት ነው።

«ታዲያ ማን ነው የሚያሳክከኝ?»

«የገዛ ሰውነትህ።»

እብድ አደረገችኝ ብዬ ልነሳ ስል ማርቆስ ክንዴን ያዘኝ። እሷ ስታወራ እየሰማ በራሱ መንገድ አስረዳኝ።

«የተባዩ ሬሳና ኩስ ገና ቆዳዎ ውስጥ ነው ትላለች። ደምዎ ውስጥ ያሉት ወታደሮች እሱን እያዩ ይተኩሳሉ። ማሳከኩ የነሱ ተኩስ ነው። ደግሞ ሌሎች አሉ፣ 'በቃ፣ ጠላት የለም' እያሉ ወታደሩን የሚያበርዱ... እንደኛ አገር ሽማግሌ ይበሏቸው። ጥቂት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እርስዎ ግን በየማለዳው ቆዳዎን በመድኃኒት እያቃጠሉ ጦርነቱን መልሰው ይቀሰቅሱታል።»

ይህን ያህል ጉባኤ በደሜ ውስጥ ሲካሄድ እኔን የጠየቀኝ የለም።

«ሕፃንስ መያዝ እችላለሁ?» አልኩ በአማርኛ።

ሲስተሯ ልጅቷን ማየቴን አይታ ትርጉም አላስፈለጋትም። «ያዛት። አይተላለፍባትም። ቅባቱን ግን ወዲያ ጣለው።»

አስቴር እዚያው አግዳሚው ላይ ልጅቷን አሳቀፈችኝ። በዚያች ቅጽበት ከግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ፣ ማማሰያውም የማይደርስበት ቦታ ላይ... ማሳከኩ ፈላብኝ። ሁለት እጄ ተይዟል። ጥርሴን ነከስኩ። ልጅቷ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች።

«የቱ ጋ ነው አባባ?» አለች አስቴር። ለካ እያየችኝ ኖሯል።

«የትም አይደለም።»

መዳፏን ሸሚዜ ላይ አሳረፈች።

«...ትንሽ ወደ ግራ» አልኩ።

ስንመለስ ማማሰያዬን ወስዳ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችብኝ። አዲስ እስክገዛ ድረስ ወጥ የምበላው ዳቬይተን ነው... ለመግዛቱም አልቸኮልኩም።