የመጨረሻው ጋሪ ፈረስ

ባለፈው ዓርብ ጠዋት... ስምንት ሕፃናት አስከትዬ ዙሪክ፣ አፎልተርን የሚባል ሰፈር፣ ፓርክ ውስጥ ቆሜያለሁ።

ፓርኩ የተከፈተበትን ቀን እያከበሩ ነው። እንደ ድሮው ጊዜ ይሁን ብለው አምስት የፈረስ ጋሪ በአበባና በሪባን አስጊጠው፣ ተከታትለው ሕዝቡን ከላይኛው በር ቁልቁል እስከ ኩሬው ያመላልሳሉ። ባንድ ይነፋል፣ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ልጆች ይጮሃሉ።

እኔ ኪታ፣ ማለትም የሕፃናት መዋያ ውስጥ ሽኑፐርን የሚሉት የሙከራ ሥራ ላይ ነኝ። ለሙያ ትምህርቱ ሳይቀበሉን በፊት እንዲህ ያሠሩናል። ያ ዓርብ የመጨረሻ ቀኔ ነበር። አለቃዬ ሲልቪያ ሰኞ ወይ «ቀጥይ» ወይ «ሂጂ» ትለኛለች። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ፈገግ እንዳልኩ ነኝ፣ ጉንጬ እስኪያመኝ።

አንዱ ልጅ ከእጄ አምልጦ ወደ ፈረሶቹ ሲሮጥ ደነገጥኩና «ኧረ ቀስ በል፣ አንተ ልጅ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ።

«ሐበሻ ነሽ እንዴ ልጄ?» አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ዞር ስል ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰውዬ ናቸው። ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የመጡ፣ ጄኔቭ፣ ኦኔ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ዙሪክ ብቅ ያሉ። ፈረንሳይኛ እንጂ ጀርመንኛ አይችሉም። በወጣትነታቸው ናዝሬት ባለጋሪ ነበሩ። ይሄን ሁሉ ሲነግሩኝ ግን አንዴም አላዩኝም። ዓይናቸው የመጨረሻውን ጋሪ ከሚጎትተው ቡናማ ፈረስ ላይ አልተነቀለም።

«ያንን አየሽው? ቆሞ ነው የሚያልበው።»

እውነታቸውን ነው። ብርዱ እኔን ጃኬቴን እስከ አገጬ አስዘግቶኛል፣ የፈረሱ አንገት ግን ረጥቧል። ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፏል። የዓይኑ ነጭ ይታያል።

«ከኋላው ያለውን ጠፍር ተመልከቺ። ላልቷል። ቁልቁለት ሲወርድ ጋሪውን የሚይዝለት እሱ ነው። ካልያዘለት ጋሪው መጥቶ እግሩን ይመታዋል። ያን ጊዜ ማንም አያቆመውም። ንገሪያቸው።»

ተራ ደርሶን የምንሳፈረው ደግሞ እሱ ላይ ነው።

ወደ ነጂው ሄድኩ። ግን «ጠፍር»ን በጀርመንኛ ከየት ላምጣው? በጣቴ እያሳየሁ «ይሄ... ጥሩ አይደለም» አልኩት። ሰውየው ስቆ አጠገቤ ለቆመችው ለሲልቪያ በስዊስ ጀርመንኛ የሆነ ነገር አላት። እሷም ሳቀች።

«አትፍሪ፣ ዕድሜ ልኩን ፈረስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው» አለችኝ።

ልጆቹን አሳፈርናቸው።

ጋሽ ተፈራ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«አውርጂያቸው ልጄ። እኔ አንድ ጊዜ አይቼ ዝም ብያለሁ። የገበያ ቀን ነበር...» አሉና አልጨረሱትም።

ለምን እንዳመንኳቸው አላውቅም። ምናልባት ያልጨረሷት ነገር ናት። ጋሪው ላይ ወጥቼ ልጆቹን አንድ በአንድ አወረድኳቸው። እሪ አሉ። ሰው ሁሉ አፈጠጠብን። ሲልቪያ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ይቅርታ... አይሳፈሩም።»

«ሰኞ እንነጋገራለን።»

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

በለቀቅነው ቦታ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ወጡ። ሚስትየው ኮፍያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «ዳንኬ!» ብለው አመስግነው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ሰልፉ እንዳይበተን ጋሪው ሁለቱን ብቻ ይዞ ተነሳ።

ጋሽ ተፈራ ሣሩን እያቋረጡ ከጋሪው ጎን ጎን መራመድ ጀመሩ። ከዚያ ፈጠን አሉ። ከዚያ ሮጡ።

ቁልቁለቱ ገና ሲጀምር ፈረሱ አንዴ ወደ ላይ ዘለለ። እንጨት ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ፈረሱ በርግጎ ከሰልፉ ወጣ... ነጂው ልጓሙን እየጎተተ ይጮሃል... ጋሪው በአንድ ጎኑ ሄደ፣ ሄደ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጋር ተላተመና ተገለበጠ። ባንዱ ጸጥ አለ።

ዛፉ የገባው ልጆቻችን ተደርድረው በነበሩበት በኩል ነው።

መጀመሪያ የደረሱት ጋሽ ተፈራ ናቸው። ልጓሙን ይዘው፣ የፈረሱን አንገት እያሻሹ፣ «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ልጅ» ይሉታል በአማርኛ። እንስሳው እየተንቀጠቀጠ ቆመላቸው።

አምቡላንስ መጣ። የነጂው እጅ ተሰብሯል። ባልየው ተጫጭረዋል እንጂ ደህና ናቸው። ሚስታቸውን ግን በቃሬዛ ነው ያወጧቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። በአጠገቤ ሲያልፉ ዓይናቸው ክፍት ነው፣ አላዩኝም።

ሲልቪያ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ልጆቹን ትቆጥራለች። ስምንት። ደግማ ትቆጥራለች። ስምንት።

እሁድ ጋሽ ተፈራን ወደ ጄኔቭ ሲመለሱ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። ስለዚያ የገበያ ቀን ልጠይቃቸው አስቤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

ሰኞ ሲልቪያ ቢሮዋ አስገባችኝ። የትምህርቱ ውል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። «እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ። «አንድ ባለጋሪ ነገሩኝ» አልኳት። አቅፋኝ አለቀሰች። የልጆቹ እናቶችም አበባ ይዘው መጡ፤ አንዷ እጄን ሳመችኝ። ጀግና ነሽ ይሉኛል።

እኔ ግን... «አይሳፈሩ» የሚለውን በጀርመንኛ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋሪው ላይ ሲወጡ ሲልቪያ ደግማ እንዳትቆጣኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።