የአባቴ ጠማማ ጠመንጃ

የስፌት መኪና ዘይት በሸተተኝ ቁጥር የአባቴ የአየር ጠመንጃ ትዝ ትለኛለች። አባቴ አብነት አካባቢ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር፤ ያቺን አሮጌ ጠመንጃ ሞላዋ ተሰብሮ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ከምናለሽ ተራ ገዝቷት፣ ፈታትቶ ሌላ ሞላ ገጥሞላት ነፍስ ዘራባት። እናቴ «አትፈጭ፣ አትሰፋ፣ ምን ታደርግልናለች!» እያለች ትነጫነጭ ነበር፤ በዓል ሲደርስና አባቴ በጠመንጃዋ ሰዉን ዒላማ ሲያጫውት ግን ለተኳሾች ሽልማት የሚሆነውን ከረሜላ በሳህን የምትደረድረው እሷው ነበረች።

ክረምት ገብቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ አባቴ የጠመንጃዋን ሆድ ከፍቶ፣ አየሩን የምትገፋውን ክብ ቆዳ ዘይት አጠጥቶ ያለሰልስና መልሶ ከገጠማት በኋላ፣ ከሱቁ ጀርባ በክር ያንጠለጠለውን ቆርኪ መምታት ያለማምደኝ ነበር። እኔም እንዳታመልጠኝ ጥርሴን ነክሼ አንቄ እይዛትና እስት ነበር።

«አትጨብጫት የኔ ልጅ» ይለኝ ነበር። «ሞላዋ ሲለቀቅ ትዘላለች፤ መዳፍሽ ላይ አሳርፊያትና እንደልቧ ትዝለል። ከተኮስሽም በኋላ ዓይንሽን ከቆርኪው አታንሺ።»

እሱ ራሱ ለምን እንደማይተኩስ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

መስከረም ጠብቶ፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት ቆርኪዎቹን ሱቁ ፊት ለፊት ሰቅሎ ሰዉን ሲያጫውት፣ አንድ ከአትክልት ተራ የመጣ ጎረምሳ ደጋግሞ ስቶ ጠመንጃዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወራት።

«ይቺ ጠማማ ናት! ጋሼ፣ ሰው እያጭበረበሩ ነው! ቀጥ ያለች ከሆነች እስቲ ራስዎ ይምቱ!»

ሰው ተሰበሰበ። መርካቶ ውስጥ አንዴ አጭበርባሪ ከተባለ ሰው ዘንድ ማን የስፌት መኪናውን ለጥገና ይሰጣል? አባቴ ጠመንጃዋን አንስቶ አነጣጠረ፤ አፈሙዟ ግን ቆርኪው ወደሌለበት ዞራ ነበር። ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ከሁላችንም ደብቆ እንደኖረ ያኔ ገባኝ።

ቀስ ብሎ አወረዳትና «ልጄ ትመታለች» አለ። ጎረምሳው ሳቀ።

ጠመንጃዋን ተቀብዬ፣ እጄ ልጨብጥ ልጨብጥ እያለኝ መዳፌ ላይ አሳረፍኳትና ተኮስኩ። ቆርኪው ጧ ብሎ በክሩ ላይ ተሽከረከረ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም መታሁ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እስቲ እኔንም ያሳዩኝ» ሲል፣ አባቴ ቂም ሳይዝ የጎረምሳውን እጅ አላልቶ አያያዙን አስተማረው። እናቴ የዓይኑን ነገር ስትሰማ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች፤ በማግስቱም እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ዛሬ ሱቃችን የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል፤ የአባቴም ዓይን ከብርሃን በቀር ብዙ አይለይም። እሁድ እሁድ ግቢያችን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ልጄ ስትተኩስ ያዳምጣል። ስትስት «ጨበጥሻት!» ይላታል፤ ቆርኪው ሲጮህ ደግሞ ከሁላችንም ቀድሞ ያጨበጭባል። እኔ ያን ቀን የተኮስኩት የአባቴን ስም ተሸክሜ ነበር፤ እሷ ግን ስትስትም እየሳቀች፣ ለጨዋታ ብቻ ትተኩሳለች።