ሦስተኛው ጉልቻ

በዳንግላ ደጊቱ አየነውን የማያውቅ ቢኖር ጆሮ የሌለው ብቻ ነው። ጌሾ ሻጭ፣ ድንክዬ ሴት ነበረች፤ ድምጿ ግን ለሦስት ረጃጅም ሴቶች ይበቃል። በጥምቀት ግጥም አውጪዋ እሷ፣ ከበሮ መቺዋ ጎረቤቷ ስሜነሽ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲሁ ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የስሜነሽ ጥጃ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ የደጊቱን ጎመን ሙልጭ አድርጎ በላ። ሁለቱ ተኳረፉ። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ቀረ። ጥምቀት ሲደርስ ግን ያለ ከበሮ ዘፈን አይሆንምና ፊታቸውን እንዳዞሩ ጎን ለጎን ቆሙ። ደጊቱን አላስቻላትም፦

አጥሯን አትጠግን፣ በሯን አትዘጋ፣
ጥጃዋ ቀለብተኛ ከኔ ጎመን ጋ።

ስሜነሽ ከበሮዋን ደለቅ አድርጋ መለሰች፦

ለሦስት ቅጠል ጎመን ይህን ያህል ዋይታ፣
በሬ ቢጠፋባት ምን ልትሆን ነው ማታ?

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። በዓመቱ ከጥሊሊና ከአዘና ሰው በበቅሎ መጣ። በሦስተኛው ዓመት ከባሕር ዳር በጭነት መኪና የመጡ እንግዶች ገና ከመኪናው ሳይወርዱ «የሚሰዳደቡት ሴቶች ወዴት ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ደጊቱ የከፋ የከፋውን በአገውኛ ስለምትለው፣ ለእንግዶቹ የሚተረጉሙ ጎበዞች ጠጅ በነፃ ጠጡ። ጠጁ የባለ ጠጅ ቤቱ የአቶ ገበየሁ ነው። እንግዶቹ የሚከራዩት አልጋም የእሳቸው። የሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌም፣ ምን ይደረግ፣ እሳቸው ናቸው።

ደጊቱ ግን ስሜነሽ ናፍቃት ነበር። ሰው ፊት ስታስቅ ውላ ቤቷ ስትገባ ባዶ ነው። ድሮ አዲስ ግጥም ስታወጣ ቀድማ የምትሰማት ስሜነሽ ነበረች። ስለዚህ አቶ ገበየሁ ዘንድ ሄደች።

«ያስታርቁን እንጂ፣ አያ ገበየሁ።»

«ጥምቀት ይለፍ፣ ደጊቱ።»

ጥምቀት አለፈ። «ፆሙ ይፈታ» አሉ። ተፈታ። «ክረምቱ ይውጣ፤ በጭቃ ሽምግልና የለም።»

እንዲህ ሲሉ ሌላ ከተራ መጣ፤ አልጋው ሁሉ ተያዘ። ደጊቱ ሽማግሌ መጠበቁን ተወችና ጎህ ሲቀድ፣ እንደ በዳይ ወግ ድንጋይ በትከሻዋ ተሸክማ ወደ አጥሩ ቀዳዳ ሄደች። ጎንበስ ብላ ልትሾልክ ስትል ከወዲያ በኩል አንድ ድንጋይ ብቅ አለ። ከድንጋዩ ሥር ስሜነሽ ነበረች።

«ጥጃው የኔ፣ ጥፋቱም የኔ! አውርጂ!» አለች ስሜነሽ።

«ስድቡን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አውርጂ!»

በዚህም ሊጣሉ ጥቂት ቀራቸው። ከዚያ ሳቅ ቀደማቸው፤ ደጊቱማ እያለቀሰች ነው የሳቀችው።

ወሬው የደረሳቸው አቶ ገበየሁ እየሮጡ መጡ። «እሰይ፣ እሰይ! ብቻ እስከ ነገ ወዲያ ለሰው አታውሩት፤ እንግዳው ምን ይለናል?»

«ግድ የለም» አለች ደጊቱ፤ «ስድቡ አይቀርም።»

በማግስቱ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ደጊቱ አወጣች፦

ሽማግሌ ብለን ቢቸግረን ሄደን፣

ስሜነሽ እየደለቀች ጨረሰችው፦

አልጋው እስኪሞላ በጠብ አሳደረን።

እንግዳው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ «ዘንድሮ ደግሞ ማን ይሰደብ ይሆን?» እያለ የሚመጣው ሰው እጥፍ ሆነ፤ የአቶ ገበየሁ አልጋም በጥምቀት ፆሙን አድሮ አያውቅም።

ይህ ግን በኋላ የመጣ ነው። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን አቶ ገበየሁ ድንጋይ በትከሻቸው አድርገው ከደጊቱ ደጅ ቆሙ። ሁለቱ ሴቶች ለእርቅ የተሸከሟቸውን ሁለት ድንጋዮች ጉልቻ አድርገው፣ ሦስተኛ አጥተው፣ ድስቱን በእጃቸው ደግፈው ይዘዋል። ደጊቱ የሽማግሌውን ድንጋይ ተቀብላ መዘን አደረገችው፤ ከሁለቱ ጎንም አስጠጋችው።

«ይቅር ብለናል» አለች። «ግን አያ ገበየሁ፣ ይኸ አነሰ፤ ድስቱ ያዘነብላል። ተለቅ ያለ ይዘው ይመለሱ።»