ሽንኩርት የሚሸት ቬሎ

ቅዳሜ ለሠርጌ ቬሎ ልመርጥ በሐበሻ ሱቆች ወደተሞላው ጀፒ መንገድ ሄጄ፣ ባለሱቋ ያወረደችልኝን ሁሉ እጅጌውን እያነሳሁ አሸተትኩ።

"ታጥቧል እኮ፣ እህቴ!" አለችኝ ቅር ብሏት።

ምን ብዬ ላስረዳት? ኮሮና ሲመጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምታሳድገኝ አክስቴ እዚሁ መንገድ ላይ ቬሎ ታከራይ ነበር። ሠርግ ተከለከለ፤ ምግብ ከሚሸጥ በቀር ሱቅ ሁሉ ይዘጋ ተባለ። ቤሪያ ሰፈር የምንኖርበት ቤት ኪራይ ግን አይጠብቅም። አክስቴ ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን የምግብ ፈቃድ ልታወጣ ሄደች፤ ከዚያ ሽንኩርት በጆንያ አስመጥታ ቬሎ ከለበሱት ሦስት የሱቁ አሻንጉሊቶች እግር ሥር ደረደረችው።

"ልጄ፣ ሙሽራ ቢጠፋ ሆድ አይጠፋም" አለችኝ።

አንድ ጠዋት ፖሊስ ገባ። ፈቃዱን አየ፣ ሽንኩርቱን አየ፣ ቀና ብሎ ሦስቱን ሙሽሮች አየ።

"እነዚህስ?"

"ሠራተኞቼ ናቸው" አለችው፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

እኔ ከጆንያው ኋላ ተደበቅኩ። ፖሊሱ ግን "ታዲያ ማስካቸው የታለ?" ብሎ እየሳቀ ወጣ።

በማግስቱ ሦስቱም ማስክ አጥልቀው ቆሙ። የሰፈሩ የዙሉ እናቶች ለአሻንጉሊቶቹ በቋንቋቸው "ሳዎቦና!" እያሉ ሰላምታ ሳይሰጡ ሽንኩርት አይገዙም ነበር። ሠርግ ሲፈቀድ ቬሎዎቹን ደጋግመን አጠብናቸው፤ ሽታው አልለቅ አለ። አክስቴም ለዚሁ መንገድ ቬሎ አከራዮች ሸጠቻቸውና ጠቅልላ ሽንኩርት ነጋዴ ሆነች።

ባለሱቋ የመጨረሻውን ቬሎ ዘረጋችልኝ። አሸተትኩት፤ ሳሙና ብቻ ነው።

"ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል የለሽም?" አልኳት።